ቀይ ሀውስ በአንድ ልጅ ሒሳብ ከዋንጫው ወጣ፤ የቀረውን ግማሽ ዓመት ምን ላድርገው?

ፊሽካ አንጠልጣይ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። የወንዶች ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። የሀውስ ውድድሩም እኔው ላይ ተጥሏል። 238 ልጆች በአራት ሀውስ፣ ማለትም በአራት የውድድር ቡድን፣ ተከፋፍለዋል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። በየውድድሩ አንደኛ 10 ነጥብ፣ ሁለተኛ 6፣ ሦስተኛ 3 ያገኛል፤ አራተኛ ባዶ እጁን ይመለሳል። እግር ኳስና የአትሌቲክስ ቀን እጥፍ ናቸው። እግር ኳሱን ደግሞ የታናናሾችና የታላላቆች ብለን ለሁለት ስለምንከፍለው፣ እሱ ብቻውን የ40 ነጥብ ውድድር ነው።

አንደኛው ሴሚስተር ሲዘጋ ሰማያዊ 69፣ አረንጓዴ 37፣ ቢጫ 33፣ ቀይ 13 ነበራቸው። የቀይ 13 ነጥብ ከየት መጣ ካላችሁ፣ 10ሩ ከቼዝ ነው፣ 3ቱ ከቅርጫት ኳስ።

እረፍት ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ የቀይ፣ ደብተሩን ጀርባው ላይ ገልጦ መጣ። «ቲቸር፣ ይቺን እዩልኝ» አለኝ። የሁለተኛውን ሴሚስተር ውድድሮች ደርድሯቸዋል፦ እጅ ኳስ 10፣ ጥያቄና መልስ 10፣ ክርክር 10፣ ገመድ ጉተታ 10፣ አትሌቲክስ 20። ድምር 60። 60 እና 13፣ 73። ከስሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮ «ሰማያዊ 69» ብሎ ጽፏል። «ሁሉንም አንደኛ ብንወጣ እና እነሱ አንድ ጊዜ እንኳ ሁለተኛ ቢወጡ 75 ይገባሉ። አለቀ ማለት ነው አይደል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ እጅ ኳስ ነበር። ከቀይ አራት ልጅ መጣ። ሰባት ይሰለፋል፣ ለመጀመር እንኳ ቢያንስ 5 ያስፈልጋል። ከአራቱ አንዱ የመጣው በዩኒፎርም ሱሪ ነው። ፊሽካዬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ለፎርፌ ፈረምኩ።

ልጆቹን ሰነፎች ናቸው ብዬ መቆጣት እችል ነበር። ግን ልጁ ሒሳቡን በትክክል ሠርቷል። የቀረውን ግማሽ ዓመት እንዴት ላድነው? ልምድ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ሰንጠረዥ ወዳድ

ችግሩ ልጆቹ ጋ አይደለም መምህር፣ ሰንጠረዡ ጋ ነው። እግር ኳስን ለሁለት ከፍለው፣ ሁለቱንም እጥፍ አድርገው፣ ሁለቱንም ዓመቱ መጀመሪያ ላይ አስቀመጧቸው። ከአንደኛው ሴሚስተር 80 ነጥብ ግማሹ በአንድ ጨዋታ ችሎታ ተወሰነ ማለት ነው። ኳስ የሚችሉ ስምንት ዘጠኝ ልጆች አንድ ሀውስ ውስጥ ከገጠሙ ዓመቱ ገና ሳይጀመር አልቋል።

በነገራችን ላይ፣ ልጆቹ ወደ ሀውስ የሚገቡት በምንድን ነው?

ፊሽካ አንጠልጣይ

እዚች ላይ ትንሽ አፍራለሁ። ካፒቴኖቹ ተራ በተራ እየጠሩ ይመርጣሉ። ሰማያዊ ዓምና አሸናፊ ስለነበር መጀመሪያ ይመርጣል። ከኔ በፊትም እንዲሁ ነበር።

ሰንጠረዥ ወዳድ

እንዴ! አሸናፊው መጀመሪያ ይመርጣል?!

ቢያንስ ቢያንስ ተራው ይገልበጥ። አንደኛው ዙር ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ከተመረጠ ሁለተኛው ከ4 ጀምሮ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ይሁን። በጣም የሚሻለው ግን ምርጫ የሚባለውን ማስቀረት ነው። በየክፍሉ ዕጣ ይውጣ፤ ወንድማማቾች አንድ ላይ ይሁኑ፤ ከዚያ ወዲያ መቀየር የለም። ዕጣ የሰጠህን ሀውስ ማንም «አልተፈለግክም» ሊልህ አይችልም።

የመጨረሻው ሯጭ

እኔ ተመርጬ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ ይቺን ጉዳይ ከውስጥ ነው የማውቃት። ሁለት ካፒቴኖች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አንድ በአንድ ይጠራል፣ መስመሩ እየሳሳ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ እኔና ክንዱ የተሰበረ ልጅ ቀረን። ክንዱ የተሰበረውን ወሰዱት።

የኛ ሀውስ ውስጥ ግን አንድ ነገር ነበረች፣ አገር አቋራጭ። እዚያ የሚቆጠረው ስንተኛ ወጣህ ሳይሆን ከሀውሱ ስንት ልጅ ጨረሰ ነው። ሁሉም ይሮጣል። አንድ ዓመት፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት ለቀቀና በየእርምጃው እንደ ምላስ ይገለበጥ ጀመር። ተቀምጬ የግራውን ክር ግማሹን በጥርሴ ቆረጥኩና ሶሉን ከላይ ጠፈርኩት። እስክነሳ ሁሉም አልፎኝ ሄዷል። ሜዳው ውስጥ ስገባ ሽልማቱ ሁሉ አልቆ ይሆናል ብዬ ነበር። የሀውሳችን ልጆች ግን ከማብቂያው ላይ አልተነሱም፤ ለካ እኔ ከገባሁ በአንድ ሰው እንበልጣለን። ካፒቴናችን፣ በሌላ ቀን ስሜን እንኳ የማያውቅ ልጅ፣ ጎን ለጎን እየሮጠ «ና! ና! ና!» ይለኛል።

ከትምህርት ቤቱ ትዝታ ሁሉ የቀረኝ ይቺ ናት። ሽልማት አላገኘሁም። ስሜን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያውቀዋል።

አሮጌ ካፒቴን

የወንድሜ ታሪክ አንጀት ይበላል፤ አከብራለሁ። ግን ሌላኛውን ወገንም የሚናገርለት ሰው ይኑር። የሰማያዊ ልጆች 69 ነጥቡን ከሰው አልሰረቁም። ማለዳ እየተነሱ ተለማምደው ነው ያመጡት። አሁን ሌሎቹ ስለተኮራመቱ መሀል ዓመት ላይ ሕጉ ይቀየር ማለት ካሸናፊ ኪስ ገብቶ መውሰድ ነው። እኔ ካፒቴን በነበርኩበት ዓመት እንዲህ ተደርጎብናል። እየመራን ሳለ «ለተሳትፎ» የሚባል ነጥብ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣና በመጨረሻው ሳምንት ዋንጫውን ወሰዱብን። ስንት ዓመት አለፈው፣ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

መምህር፣ የተያዘውን ነጥብ እንዳይነኩ። በማስታወቂያ የተለጠፈውን የውድድር ነጥብም እንዳይነኩ። አዲስ ነገር ካሻዎት አዲስ ዋንጫ ያምጡ። ከዛሬ የሚጀምር፣ ሁሉም ከዜሮ የሚነሳበት። የድሮው በድሮው ሕግ ይለቅ።

ፊሽካ አንጠልጣይ

ይቺ ገብታኛለች። ስለ ሁለተኛ ዋንጫ አስቤ አላውቅም ነበር።

ነጭ መስመር

ቼዙና ጠረጴዛ ቴኒሱስ እንዴት ነው የሚካሄደው? ጥሎ ማለፍ ከሆነ 64 ልጅ ቢመዘገብ 32ቱ አንድ ጨዋታ ተጫውተው ወደ ቤት ናቸው። ለምዝገባው የወሰደባቸው ጊዜ ከጨዋታው ይበልጣል። ለሀውስ ውድድር ጥሎ ማለፍ አይሆንም ባይ ነኝ። አራት ሀውስ ሁሉም ከሁሉም ቢጋጠም 6 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በሦስት ከሰዓት ያልቃል። ለቼዝ ደግሞ የስዊስ አካሄድ አለ፦ ማንም አይወጣም፣ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያለው ከተቀራራቢው ይገናኛል። የተሸነፈ ልጅ ቀጥሎ የሚገጥመው እንደሱ የተሸነፈውን ነው። አምስት ዙር ብታደርጉ ሁሉም አምስት ጊዜ ተጫወተ።

የታሪክ መምህር

ይቅርታ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሀውስ የሚባለው ነገር መጀመሪያ የስፖርት ጉዳይ አልነበረም። በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ የሚያድሩበት ቤት ነው። አንድ መምህር ከነቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት፣ አርባ ሃምሳ ልጅ አብሮት። አብሮ የሚያድር አብሮ ይጫወታል፤ ከጎረቤት ቤት ጋር ደግሞ ይፎካከራል። እናንተ ጋ እንዳለው ቀለም ብቻ የሆነው በኋላ፣ ልጆቹ ከቤታቸው እየተመላለሱ በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ሲቀዳ ነው። ቤቱ ቀረ፣ ፉክክሩ ተረፈ።

ሌላው የምወዳት ነገር፣ ሕጉን የሚያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። በረግቢ ትምህርት ቤት የሚጫወቱትን ኳስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1845 በጽሑፍ ያሰፈሩት ሦስት ተማሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የየራሱ ኳስ ስለነበረው ዩኒቨርሲቲ ሲገናኙ በምን ሕግ እንጫወት የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። በ1848 ካምብሪጅ ላይ፣ በ1863 ደግሞ ለንደን ላይ ሕግ የተጻፈው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። የዘመናዊ ኦሊምፒክ አባት የሚባለው ፒየር ደ ኩቤርተን ራሱ በ1880ዎቹ ረግቢን ጎብኝቶ ነው ስለ ስፖርትና ትምህርት ያለውን ሐሳብ ያጠናከረው።

አንድ ልጅ በ1823 ኳስ በእጁ ይዞ ሮጦ ረግቢን ፈጠረ የሚባለውን ግን እንደ ተረት ያዙት። ወሬው በጽሑፍ የወጣው በ1876 ነው፣ ልጁ የተባለው ዊልያም ዌብ ኤሊስ ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ። የረግቢ የዓለም ዋንጫ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አሎሎ

መምህር፣ ደስ ይላል፤ ለቀይ ሀውስ ግን ስንት ነጥብ ያስገኛል? 😄

የታሪክ መምህር

ያስገኛል እንጂ። ካፒቴኖቹን ሰብስበው ሕጉን እነሱ ይጻፉት ማለቴ ነው። እርስዎ የጻፉትን ሕግ ይጠሉታል፤ ራሳቸው የጻፉትን ይከራከሩለታል።

አሎሎ

ይቺ ትስማማኛለች። በቁም ነገር ደግሞ ልናገር፣ ስለ ታናናሾቹ። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ «የሰማያዊ ልጆች ጎበዞች ናቸው» የምትሉት ብዙ ጊዜ «የሰማያዊ ልጆች ቀድመው ጎረመሱ» ማለት ነው። ወንድ ልጅ ቁመቱ በፍጥነት የሚመዘዝበት ጊዜ በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዱ ግን በ12 ይጀምረዋል፣ ሌላው 16 እስኪሞላው ይጠብቃል። አንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ የተወለደና መጨረሻ ላይ የተወለደ ልጅ ለ12 ወር ትንሽ ፈሪ ልዩነት አላቸው። ድምፁ የጎረነነ ልጅ አጥቂ፣ ድምፁ ገና ያልተሰበረው ተከላካይ ሆኖ ይገናኛሉ፤ ውጤቱን ሳታዩ ታውቁታላችሁ።

ገመድ ጉተታ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ስምንት ስምንት ሰው ነው፤ ሚዛን አምጡ፣ ስምንቱን አንድ ላይ መዝኑ፣ ለድምሩ ጣሪያ አብጁ። ትልልቆቹ ውድድሮችም በክብደት ነው የሚመደቡት። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1920 የኦሊምፒክ ስፖርት ነበር፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጣሪያ ሲኖር ካፒቴኑ ማሰብ ይጀምራል፦ ሁለት ከባድ አስገብቶ አንድ የ7ኛ ክፍል ቀጫጫ ይጨምር ወይስ ስምንት መካከለኛ? ያ ቀጫጫ ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በክብደቱ ይፈለጋል።

አሎሎም ላይ እንዲሁ። የአዋቂ ወንዶች አሎሎ 7.26 ኪሎ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ እሱን የሚያስጨብጥ ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ከ18 ዓመት በታች ላሉት እንኳ 5 ኪሎ ነው የሚሰጠው።

እናት ከዳር

እኔ የስፖርት ሰው አይደለሁም፣ የሁለት ወንዶች እናት ነኝ። ስለ ነጥብ ስታወሩ አንድ ነገር ልበላችሁ። ታናሹ ልጄ ባለፈው ዓመት በሀውስ ጨዋታ ከሌላ ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨ። ወዲያው ተነሳ፣ «ደህና ነኝ» አለ፣ ተመልሶ ገባ። ማታ ራሱን ያመው ጀመር፣ መብራት አስጠላው፣ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ከተመታ በኋላ ተጫውቷል?» ብሎ ነው። በኋላ ልጄን ለምን አልወጣህም ስለው «ተቀያሪ አልነበረንም፤ ብወጣ ነጥቡ ይሄዳል» አለኝ። የ13 ዓመት ልጅ እኮ ነው።

ፊሽካ አንጠልጣይ

እህቴ፣ እግዜር ማረልሽ። ይቺ ለክርክር የምትቀርብ አይደለችም። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተደናገረ ወይም ያመመው ልጅ በዚያ ቀን ተመልሶ አይገባም፣ «ደህና ነኝ» ቢልም፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው የሚመጣው። ሐኪም ሳያየውም ወደ ልምምድ አይመለስም። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በጭንቅላት ጉዳት የወጣን ልጅ ያለ ቁጥር ገደብ መተካት ይቻላል ብዬ እጽፋለሁ። ተቀያሪ ያጣ ሀውስ ከሌላ ሀውስ ይበደራል። ያኔ ሜዳ ውስጥ የሚያቆየው ምክንያት አይኖርም።

ነጭ መስመር

አንድ ልጨምር። አትሌቲክስ ቀን ላይ ከውድድሩ ሌላ «መስፈርት» የሚባል ነገር ሞክሩ። ለየዕድሜው ሰዓትና ርቀት ይወጣል። ለምሳሌ ለታናናሾች 100 ሜትር ከ15 ሰከንድ በታች። ያሟላ ልጅ ሁሉ ለሀውሱ አንድ ነጥብ ያመጣል፣ ማንንም መቅደም አይጠበቅበትም፣ ሳምንት ሙሉ ደግሞ ደጋግሞ መሞከር ይችላል። እኛ ጋ በምሳ ሰዓት ወረፋ ነበር። 15.2 የሮጠ ልጅ ነገ የማይመጣ ይመስላችኋል?

አሮጌ ካፒቴን

በዚህስ ተስማማሁ። ሰዓት አያዳላም።

ፊሽካ አንጠልጣይ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

የተደረገውን ልንገራችሁ። አራቱን ካፒቴኖች ዕቃ ቤት ሰበሰብኳቸው፤ ሌላ ባዶ ክፍል አልነበረም፣ ኳስ ላይ ተቀምጠን ነው የተወያየነው። የሰማያዊው ካፒቴን ገና ሲገባ ፊቱ ተከስክሷል፣ ነጥቡን ልወስድበት መስሎታል። የአሮጌ ካፒቴንን ሐሳብ ሳነብለት ተፍታታ። የዋናው ዋንጫ ሕግ አንድ ፊደል አይነካም። ከእጅ ኳስ በኋላ ያሉት አራት ውድድሮች ለሁለቱም ዋንጫ ይቆጠራሉ፤ ለሁለተኛው ዋንጫ ብቻ ደግሞ አገር አቋራጭ ተጨመረ።

ዋንጫ መግዣ የለንም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከተቀደዱት መረቦች ስር፣ አንድ ጆሮዋ የተሰበረ፣ ሆዷ የጎደጎደ ዋንጫ አገኘን። ለምን እንደተሸለመች ጽሑፉ ለቆ አይነበብም። የቢጫው ካፒቴን በሸሚዙ እጅጌ ወለወላትና «ባለ አንድ ጆሮዋ» ብሎ ሰየማት። ትልቁን ዋንጫ ትተው ስለሷ ማውራት ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል።

አገር አቋራጩም ተሮጠ። የተቆጠረው ከሀውሱ ልጆች በመቶ ስንቱ ጨረሰ ነው፣ የልጆቹ ቁጥር እኩል ስላልሆነ። ቀይ ከ58 ልጅ 51 አስገባ። አረንጓዴ ከ60 47፣ ቢጫ ከ59 45፣ ሰማያዊ ከ61 44። ደብተሩን ያሳየኝ ልጅ ከመሮጡ በፊት በየክፍሉ እየዞረ ስም ሲመዘግብ ነበር የሰነበተው።

አሮጌ ካፒቴን

ከፊት ማን ገባ?

ፊሽካ አንጠልጣይ

እዚያ ላይ ነው የተሳሳትኩት። አንደኛና ሁለተኛ የገቡት የሰማያዊ ልጆች ናቸው፤ ሀውሳቸው ግን አራተኛ ሆኖ ባዶ አገኘ። አንደኛ የወጣው ልጅ ላቡን እየጠረገ «እኔ ታዲያ ለምን ፈጠንኩ?» አለኝ። ልክ ነው። ለጨራሹ ሳስብ ለፈጣኑ ረሳሁ።

አሮጌ ካፒቴን

ይኸው! ይህን ፈርቼ ነበር። ሁለቱንም መቁጠር ይቻላል እኮ። አገር አቋራጭ በቡድን ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የተወሰኑ ሯጮች ደረጃ ይደመራል፣ ትንሽ ድምር ያለው ያሸንፋል። ለምሳሌ የየሀውሱን ስድስት ፈጣኖች ደምሩና ግማሹን ነጥብ በዚያ ስጡ፣ ግማሹን በጨራሹ ብዛት።

የመጨረሻው ሯጭ

እኔም እደግፋለሁ። እኔን ሲጠብቁኝ የነበሩት ፈጣኖቹ ናቸው፤ እነሱም የሚጠብቁት ነገር ይኑራቸው።

ፊሽካ አንጠልጣይ

ለዘንድሮ ሕጉ ተለጥፏል፣ አልነካውም። ለከርሞ ጽፌዋለሁ።

ሰንጠረዥ ወዳድ (ከብዙ ጊዜ በኋላ)

መምህር፣ ዓመቱ አለቀ አይደል? ክሩን አንጠልጥለው ጠፉ። ባለ አንድ ጆሮዋን ማን ወሰዳት?

ፊሽካ አንጠልጣይ

ፈተና እርማት ላይ ነበርኩ፣ ይቅርታ።

ዋናውን ዋንጫ ሰማያዊ በ105 ወሰደ። አረንጓዴ 74፣ ቢጫ 52፣ ቀይ 35። ማንም አልተከራከረም። ጥያቄና መልስ የቢጫ ነበር፣ ክርክር የቀይ። ገመድ ጉተታውን በክብደት ጣሪያ አደረግነው፤ አረንጓዴ አንዲት ፍሬ የምታህል የ7ኛ ክፍል ልጅ ከኋላ አስገብቶ አሸነፈ። ልጁ ሲጎትት ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ማሸነፋቸውን የነገሩት ሌሎቹ ናቸው።

የአትሌቲክስ ቀን ሲገባ ባለ አንድ ጆሮዋ ላይ ቀይ 26፣ አረንጓዴ 25፣ ቢጫ 19፣ ሰማያዊ 6 ነበሩ። ለእጥፍ ነጥቡ ሦስቱ እንዴት እንደተናነቁ መገመት ነው። የመጨረሻው ውድድር 4 በ100 ዱላ ቅብብል። ሰማያዊ አንደኝነቱን ቀድሞ አረጋግጧል። ለሁለተኛነት ቀይና አረንጓዴ ተፋጠዋል። ሁለተኛ የወጣ 12 ያገኛል፣ ሦስተኛ 6፤ ስለዚህ ከሁለቱ የቀደመ ዋንጫዋን ይዞ ይሄዳል።

ቀይ እስከ ሦስተኛው ሯጭ ይመራ ነበር። መቀባበያው 30 ሜትር ነው፣ በኖራ አስምሬዋለሁ። አራተኛው ሯጭ፣ ያ ባለ ደብተሩ ልጅ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ተነሳ። እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፣ ዱላው መዳፉን ነካ፣ ጣቶቹ ሳይገጥሙ ተንሸራተተ። ድምፁን ሰማሁት፤ የአሉሚኒየም ዱላ ስለሆነች ትንሽ ነጥራ ጠን አለች። ገና አልተቀበለም፣ ስለዚህ የማንሳቱ ዕዳ የሦስተኛው ሯጭ ነው። አጎንብሶ አነሳት፣ ሰጠው። ሁሉም አልፏቸዋል። ልጁ ግን 100 ሜትሩን ከመጀመሪያው በላይ ሮጠው። አራተኛ።

አረንጓዴ 37፣ ቀይ 32።

አሎሎ

ወይኔ! በዱላ!

እናት ከዳር

ልጁስ?

ፊሽካ አንጠልጣይ

ከማብቂያው መስመር አልፎ ሳር ላይ ተቀመጠና ጫማውን ያየዋል። ሦስተኛው ሯጭ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ አልተነጋገሩም። ከዚያ የሀውሱ ልጆች መጡ። የሚሰድብ ይኖራል ብዬ ቀረብ ብዬ ቆምኩ። አንዱ «ቀድመህ ተነሳህ እኮ» አለው፣ ሌላው «አይ፣ አንተ ነህ ዘግይተህ የሰጠኸው» አለ ሦስተኛውን፤ ተጨቃጨቁ። እጅ ኳስ ላይ አራት ሆነው የመጡት ልጆች ናቸው ስለ ሁለት እርምጃ የሚጨቃጨቁት። ትቻቸው ኮን ልሰበስብ ሄድኩ።

ከርሞ ምርጫ የለም፣ ዕጣ ነው። የታናናሾች እግር ኳስ እጥፍነቱ ቀርቷል። የአገር አቋራጩ ሕግ በሁለት ይከፈላል። ካፒቴኖቹ ፈርመዋል።

በመዝጊያው ቀን ዕቃ ቤቱን ስቆልፍ ያ ልጅ መጣ። ደብተር አልያዘም። «ቲቸር፣ ዱላዋን ለእረፍቱ ልውሰዳት?» አለኝ። ብቻህን ምን ታደርጋታለህ ስለው ሦስተኛው ሯጭ ሰፈራቸው እንደሆነ ነገረኝ። መዝገቡ ላይ አስፈረምኩት፦ ዱላ፣ አሉሚኒየም፣ 1።

ነጭ መስመር

መምህር፣ መስፈርቱንስ ሞከራችሁት? ለርዝመት ዝላይ ለ8ኛ ክፍል ስንት ሜትር አደረጋችሁ? እኛ 4 ብለን ግማሹ ልጅ አቃተው።

ፊሽካ አንጠልጣይ

ለዘንድሮ አልደረሰም። 3.60 ብዬ ልጀምር እያሰብኩ ነው። አሸዋው መጀመሪያ ይገላበጥ፣ ድንጋይ ሆኗል።